የአፍ ካንሰር ታማሚ ዝም ሲል፦ የአፉን ዝምታ ከልቡ ዝምታ እንዴት ትለያላችሁ?

አባዬ 26 ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቷል። መስመሩ አዲስ አበባ ደሴ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ተሳፋሪው ጸጥ ይላል። እሱ ያኔ ወሬውን ይጀምራል። ዶሮ በጉያዋ ሸሽጋ ስለተሳፈረች ሴትዮ፣ ሙሽራውን መንገድ ላይ ጥሎ ስለሄደ ሚዜ፣ የማያልቅ ጉድ ነበረው። ደብረ ሲና ሲደርሱ ሰው እየሳቀ ነው ቆሎ ሊገዛ የሚወርደው። ጡረታ ሲወጣ ወሬው ጠቅልሎ ቤት ገባ። እማዬ «ይኼ ሰውዬ አፉ አይደክመውም?» ትል ነበር።

የታመመው አፉ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ምላሱ ጎን ላይ ቁስል ወጣ። መጀመሪያ ያየው ሐኪም የተሸረፈ ጥርስ እየፋቀው ነው አለና ጥርሱን ሞርዶ ቅባት ሰጠው። ቁስሉ አልዳነም። አራት ወር እንደዋዛ አለፈ። ሁለተኛው ሐኪም ጓንት አጥልቆ አንገቱን ዳበሰ፣ ከቁስሉም ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ለምርመራ ላከ። የምላስ ካንሰር ነበር። (በነገራችን ላይ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የማይድን የአፍ ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ አንገት ላይ የሚዳሰስ እብጠት ካያችሁ «ናሙና ይወሰድልኝ» በሉ። ማፈር የለም።)

የምላሱ ግራ ጎን ተቆረጠ። የአንገቱ ንፍፊቶች ወጡ። ከዚያ ጨረር ተከተለ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት። ይኼን ሁሉ እንደምንም ተወጣነው። ያልተወጣነው በኋላ የመጣውን ዝምታ ነው። አፉ ስለታመመ ዝም ያለ መስሎን ወራት አሳለፍን፤ ለካ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ይዞት ነበር። እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ የእኛን ያህል እንዳትዘገዩ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሐኪም አይደለሁም። ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፣ አባቷን ያስታመመች ልጅ።

ይኼ በሽታ ልብ ላይ ለምን ይበረታል

ሌላውን በሽታ ልብስ ይሸፍነዋል። ይኼኛው ፊት ላይ ነው። የምንበላውም፣ የምናወራውም፣ ሰው የምንስመውም በዚሁ በአፋችን ነው። አባዬ መጀመሪያ ምራቁን መቆጣጠር አቃተው። ቀጥሎ ጨረሩ የምራቅ ዕጢዎቹን ጎዳና አፉ ድርቅ አለ። ጣዕም ጠፋው። አገጩ ገተረና አፉ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት አለ። ቁስሉ ይሸት ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። ሰው ሲመጣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይስባል። ሊስሙት ሲጠጉ ጉንጩን ያሸሻል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተወው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ግን እግሩ ደክሞ ነው እንል ነበር።

ጸጸቱ ደግሞ አለ። 30 ዓመት አጭሷል። ማታ መኪናውን አቁሞ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ይል ነበር። ሲጋራና መጠጥ አንድ ላይ ሲሆኑ አደጋው በጣም እንደሚጨምር ሐኪሙ ሲያስረዳን፣ አባዬ መሬት መሬት ያይ ነበር። አንድ ዘመዳችን ሊጠይቀው መጥቶ «ያ ሲጋራ! ስንቴ ነገርኩህ!» አለው። አባዬ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እንዲህ የሚል ጠያቂ ካላችሁ በር ላይ አስቁሙት። ማጨስ ማቆም ግድ ነው፣ ጨረሩም በደንብ የሚሠራው ሲያቆም ነው። ያንን ግን ሐኪሙ ይንገረው፣ ስለ ነገ እንጂ ስለ ትናንት ሳያነሳ።

ነገሩ በሌላ በኩልም ይዞራል። ድባቴ የያዘው ሰው አይበላም። የጨረር ቀጠሮ ይዘላል። አገጩን የሚያፍታታበትን እንቅስቃሴ ይተዋል። ወደ ሲጋራው ይመለሳል። ሕመሙ ይብሳል፣ ሕመሙ ሲብስ ድባቴው ይጠናል። እኛ «መጀመሪያ ካንሰሩ ይዳን፣ የመንፈሱን ነገር ቀስ ብለን እናያለን» ነበር ያልነው። ቀስ የሚባል ነገር አልነበረውም።

አፍ የማይፈልጉ ነገሮችን ቁጠሩ

ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረን። አያወራም፤ ምላሱ ተቆርጧል። አይበላም፤ ጉሮሮው ተልጧል። አይተኛም፤ ያመዋል። ካንሰሩ ለሁሉም መልስ ስላለው ሌላ በሽታ አልፈለግንም። ነገሩን የገለጠችው የእህቴ ልጅ ናት፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። «አባባ ሬዲዮ ለምን አይከፍትም? ሬዲዮ ለመስማት አፍ አያስፈልግም እኮ» አለች።

ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። አባዬ የሚወዳቸው፣ አፍ የማይፈልጉ ነገሮች። ሬዲዮ። ከጎረቤቱ ጋር ዳማ። በረንዳ ላይ ፀሐይ መሞቅ። ጫማውን መጥረግ፤ ጫማው ሳያበራ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። የእንግሊዝ ኳስ። የልጅ ልጆቹ ሲጫወቱ ማየት። ስድስት ሆኑ። ከስድስቱ አንድም አልቀረም፣ ሁሉንም ትቷል።

እናንተም ጻፉ። እናታችሁ ከሆነች ምናልባት ጥልፍ ነው፣ ወይ የጓሮ ጎመኗ፣ ወይ መዝሙር ማዳመጥ። የቀረባት አፍ የሚፈልገው ነገር ብቻ ከሆነ ሐዘን ሊሆን ይችላል፤ ሰውና ጊዜ ይፈልጋል። አፍ የማይፈልገውንም ከተወች፣ ያውም ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ማለት ይቻላል ከሆነ፣ ሐኪም ይያት። ይኼ የእኔ የቤት መለኪያ ነው፤ ግን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ከማንም በፊት የሚያየው ይኼንን ነው።

ደግሞ ቃሉን ከታማሚው አትጠብቁ። በአባዬ ዕድሜ «ድባቴ ይዞኛል» የሚል ሰው አልገጠመኝም። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ይላሉ። «ልቤን ይጨንቀኛል»፣ «ያቃጥለኛል» ይላሉ። አባዬ የሚፈልገውን በደብተር ነበር የሚጽፍልን። ገጾቹን ወደ ኋላ ስገልጥ «ከበደኝ» የሚለውን ቃል 11 ቦታ አገኘሁት። እኛ ብርድ ልብሱን መስሎን ቀለል ያለ እየቀየርንለት ነበር።

ሐኪም ዘንድ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ

መጀመሪያ ለአንድ ሐኪም ስነግረው «ካንሰር ይዞት ሊጨፍር ነው እንዴ? ማዘኑ ያለ ነው» አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። አሁን ሳስበው ያመሰገንኩት ያናድደኛል። ማዘን ያለ ነው። ድባቴ ግን የሚታከም በሽታ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ደብተር ይዤ ሄድኩ። «ከፍቶታል» አላልኩም። «ሬዲዮ ከከፈተ ሁለት ወር አልፎታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ እስኪነጋ ያፈጣል። በአንድ ወር 4 ኪሎ ቀንሷል። ሞርፊኑን ወስዶ ሕመሙ ጋብ ሲልለትም አይነሳም» አልኩ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት የሠራችው። ሕመሙ ቀንሶለትም ካልተነሳ፣ ያስተኛው ሕመሙ ብቻ አይደለም። በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ተጻፈልን።

እዚያ አንዲት የሳይካትሪ ነርስ ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቀችው። ፒኤችኪው-9 የሚባል የድባቴ መጠይቅ ነው። አማርኛው አዲስ አበባ ውስጥ በታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። እያንዳንዱ ጥያቄ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ቀን እንደተሰማችሁ ይጠይቃል፣ መልሱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ በደንብ መታየት አለበት። አባዬ በጣቱ እያሳየ መለሰ። 19 መጣ። ነርሷ የነገረችኝን አልረሳም፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ከካንሰሩም ከጨረሩም ሊመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ እንደ እሱ ባለ ታማሚ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች አጥብቃ ታያለች። ነገሮች ደስ ማለት አቁመዋል ወይ? ከፍቶሃል፣ ተስፋ ቆርጠሃል ወይ? ዘጠነኛው ስለ ሞት ነው። እሱን ድምሩ ስንትም ቢሆን ለብቻውም ታየዋለች።

አንድ የደም ምርመራም ጠይቁ፣ የታይሮይድ። አንገት ላይ ጨረር የተሰጠው ሰው የታይሮይድ ዕጢው ቀስ በቀስ ሊደክም ይችላል፤ ከወራት አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ። ሲደክም ሰውየው ይቀዘቅዘዋል፣ ይፈዛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ መንፈሱ ይወድቃል። ድባቴ ይመስላል፣ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። ለዚህ ነው በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ መታየት ያለበት። እኛን ማንም አልነገረንም፤ ነርሷ ናት ያዘዘችን።

እማዬ የአእምሮ ሕክምና የሚለውን ወረቀት ስታይ ደንግጣ «አማኑኤል ልትወስጂው ነው? አበደ ይባልልሽ?» አለች። ብዙ ቤት ይኼ አለ። አጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥም የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳለ ነገርኳት፣ ካንሰሩን ያከሙበት ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል መሆኑን አሳየኋት። አማኑኤልም ቢሆን የሚያፈሩበት ቦታ አይደለም። ያንን ክርክር ግን ለሌላ ቀን አቆየሁት። በታመመ ሰው ጉዳይ ሁሉንም ክርክር ማሸነፍ አይጠበቅባችሁም።

ስለ ድባቴው መድኃኒት ሦስት ነገር ንገሯቸው፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም። አንደኛ አፉ ደረቅ መሆኑን። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ርካሽ ነው፣ እንደልብ ይገኛል፣ እንቅልፍም ይሰጣል፤ ግን አፍ ያደርቃል። ጨረር ላደረቀው አፍ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሌላ አማራጭ ካለ ይታይ። ሁለተኛ ለሕመሙ የሚወስደውን ሁሉ። ትራማዶል ከብዙዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ ክኒን መዋጥ የሚችል እንደሆነና እንዳልሆነ፤ አንዳንዱ ክኒን መፈጨት የለበትም፣ ሙቀጫ ከማንሳታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁ። አባዬ ሰርትራሊን ታዘዘለት። ሁለት ሳምንት ምንም ለውጥ አላየንም፣ እማዬም «ብሩ ጠፋ» ማለት ጀምራ ነበር። በአራተኛው ሳምንት እንቅልፉ ተስተካከለ። ሻል አለኝ ብሎ ድንገት ማቆም የለም።

በኋላ ያነበብኩትን ልጨምር። የአሜሪካ የኔብራስካ ሐኪሞች በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። 148 የራስና የአንገት ካንሰር (የአፍ ካንሰር አንዱ ነው) ታማሚዎችን ወሰዱ። ሕክምና ሲጀምሩ ድባቴ አልነበረባቸውም። ገሚሱ ኤስሲታሎፕራም የሚባል የድባቴ መድኃኒት፣ ገሚሱ ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። ባዶውን ከወሰዱት ወደ 25 በመቶ የሚሆኑት ድባቴ ያዛቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ግን 10 በመቶ ብቻ። ሁሉም ይዋጥ ማለቴ አይደለም። ግን ሕክምናው ገና ሲጀመር «ስለ ድባቴስ ምን እናድርግ?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ኖሯል።

ትሪውን ከመኝታ ቤት አውጡት

ትልቁ ጥፋታችን ይኼ ነው። ለእሱ አስበን ለብቻው አበላነው። በርበሬ ያቃጥለዋል፣ እንጀራ ይይዘዋል፣ ሲበላ ያንጠባጥባል። ስለዚህ አጥሚቱን በትሪ ወደ መኝታ ቤት እንወስድለታለን፣ እኛ ሳሎን ሽሯችንን እንበላለን። ሳቃችን ይሰማዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያጎርስ የኖረ ሰው ነው።

ቆይተን ገለበጥነው። ማታ ማታ ሁላችንም የእሱን እንበላለን፦ አልጫ ሽሮ ቀጠን ተደርጎ፣ በሾርባ የራሰ ፍትፍት፣ የተፈጨ ድንች፣ እርጎ። ልጆቹ ሚጥሚጣቸውን ከፈለጉ በቁርስ። ከገበታው በፊት በጨውና በሶዳ ውሃ አፉን ይጉመጠመጣል። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፤ አይዋጥም፣ ይተፋል። አልኮል ያለበትን የሱቅ መጉመጥመጫ ተዉት፣ ያቃጥላል፣ ያደርቃል። ሽታው ካልጠፋ ለሐኪም ንገሩ፣ መድኃኒት አለው። ከጎኑ ንጹሕ ፎጣ ይቀመጣል፣ ማንም አይጠርግለትም፣ ራሱ ይጠርጋል። መጀመሪያ ቀን ሁለት ማንኪያ በልቶ ተነሳ። ሦስተኛው ቀን የእህቴን ልጅ አጎረሳት። ክብደቱ የተመለሰው ቀስ ብሎ ነው፣ ቁጭ ብሎ መቆየት የጀመረው ግን ያን ሳምንት ነው።

ለአገጩ የአይስክሬም እንጨት ተጠቀምን። ሐኪሙ ባሳየን መሠረት ተደራርበው በጥርሶቹ መሃል ይገባሉ፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ቀስ በቀስ አንድ አንድ ይጨመራል። ሲጀምር 9 ነበር። ከሦስት ወር በኋላ 15። ቁጥር ያለው ነገር ጥሩ ነው፤ ሾፌር ኪሎ ሜትር መቁጠር ይወዳል።

ንግግሩን አትጨርሱለት። ቃል ሲጀምር ቀድመን እንገምት ነበር፣ ሲሳሳትብን ደግሞ እንስቃለን። እሱም መሞከር ተወ። ጠያቂ ሲመጣ «አዎ ወይም አይ» የሚባል ጥያቄ እንዲጠይቅ በር ላይ እነግረዋለሁ፤ አልቅሶ የሚገባ ካለ ኩሽና ውስጥ አልቅሶ ጨርሶ ይገባል።

የንስሐ አባቱንም አስገቡበት። አባዬ በዐቢይ ጾም ወተትና እንቁላል አልነካም ብሎ ነበር። እኔ ብነግረው አይሰማም። የንስሐ አባቱ መጥተው «ለታመመ ሰው መድኃኒቱ ነው፣ ጠጣ» ሲሉት ጠጣ። ጸበልም ሄዷል፣ ቀጠሮውንም ክኒኑንም ሳያቋርጥ። ሁለቱን ያጣሉት ሰዎች ናቸው።

«ሸክም ሆንኩባችሁ» ሲል

የራስና የአንገት ካንሰር ታማሚዎች ራሳቸውን የማጥፋት አደጋቸው ከብዙ ሌሎች የካንሰር ታማሚዎች ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ ይኼን ክፍል አትዝለሉት። «እግዜር ቢወስደኝ» የሚለውን ሽማግሌ ሁሉ ይላል። አባዬ ግን አንድ ሰሞን ሰዓቱን ለወንድሜ ሰጠ። የዕቁቡን ሒሳብ ዘጋ። ደብተሩ ላይ «ሸክም ሆንኩባችሁ፣ በቃኝ» ብሎ ጻፈ።

ጠየቅኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ በግልጽ፦ «አባዬ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ነርሷ ቀድማ ይኼን ባትነግረኝ አልደፍርም ነበር። ብዙ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ አዎ። ከዚያ አለቀሰ። «እንዴት እንዲህ ታስባለህ? ኃጢአት አይደለም?» አላልኩም፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ሞርፊኑንም ሌላውንም መድኃኒት ወንድሜ ወስዶ ቆለፈበት። ያን ሌሊት ለብቻው አላደረም። ጠዋት ቀጠሮ ሳንጠብቅ ሆስፒታል ነበርን። እንዲህ ሲሆን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ድንገተኛ ክፍል ይገባል።

የሚያስታምመውም ሰው ይወድቃል። እማዬ 9 ኪሎ ከቀነሰች በኋላ ነው የተረኛ ሰሌዳ ያወጣነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ የእሷ ነፃ ቀን ሆነ። አዲስ አበባ ያላችሁ ሆስፒስ ኢትዮጵያን ጠይቁ፣ ጽኑ ሕመምተኛን ቤት ድረስ ሄደው ያያሉ።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። መድኃኒቱ በተጀመረ በስድስተኛው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ ሬዲዮውን ራሱ አንስቶ ቁልፉን አዞረ። አልሠራም። ወራት ሙሉ ሳይከፈት ባትሪው ፈስሶበታል። ብዕሩን አነሳና ጻፈ፦ «ባትሪ። ትልቁን። ሁለት።»